ሽማግሌ ያላስጨረሰው ቴአትር

ይህ የቴአትር ጉዳይ ያስወጣኝን ከፊት ለፊት ተናግሬ ልገላገል፦ አንድ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ የነበረችኝ ምርጥ ደንበኛ፣ በናይሮቢ ሐበሻ መካከል ለዓመታት ያካበትኩት የቁም ነገረኛ ሰው ስም። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ሳልናገር ዕቃ ማሳየት አልወድም።

በርበሬና ሽሮ ከሞያሌ እያስመጣሁ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች አከፋፍላለሁ። ሱቄ መሃል ከተማ ነች፤ ሞባይል ጠጋኝና የሙሽራ ልብስ አከራይ መካከል ተጣብቃ፣ ሙሽሮቹ ሁሉ እያስነጠሱ የሚያልፉባት። የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ቴአትር ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ግን ከሞያሌ ሴት ነጋዴዎች ጋር በአንድ ኩንታል ሽሮ ዋጋ ለግማሽ ቀን የተከራከረ ሰው ምን ቴአትር ይቀረዋል? እዚያ እንባ አለ፣ መሐላ አለ፣ ተቆጥቶ ወጥቶ መመለስ አለ።

ጋሽ አስናቀን ያመጣብኝ የቤት ኪራይ ነው። ካሳራኒ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቼ አንዱ ክፍል ባዶውን ያፈጥብኝ ነበር። ለደባል እንደማከራየው አስነገርኩ። አንድ ቅዳሜ ስልሳውን ያለፈ፣ ቀጥ ያለ፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ ሰው መጣ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው መጋዝ ይዟል። መጋዙን ሳይ አናጺ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ የወጥ ቤቴ በር ተንጋዶ ነበር።

“በር ታስተካክላለህ ጋሼ?” አልኩት።

“እኔ የሙከራ ቴአትር ደራሲ፣ ተዋናይና አዘጋጅ ነኝ” አለኝ። በሩ እስከ ዛሬ እንደተንጋደደ ነው።

የሙከራ ቴአትር ምን እንደሆነ ያስረዳኝ በብዙ ምሽት ነው፤ እኔ የገባኝ ግን ያልተሳካ ቴአትር ማለት እንደሆነ ነው። ይህን ፊት ለፊት አልነገርኩትም። አዲስ አበባ እያለ አንድ ተዋናይ ያለ ንግግር ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የሚቆምበት ድርሰት ሠራ። ተመልካቹ ልጁ ቃሉ የጠፋበት መሰለውና አዘነለት። አንዷ “አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደግመህ ከመጀመሪያው ሞክር” አለች፤ ሌላው ውሃ ይዞለት ወጣ። ልጁ አልቅሶ ወረደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተዋናዩ ከአዳራሽ ወጥቶ እየተናገረ በእግሩ ይሄዳል፣ ተመልካቹ ይከተለዋል። መርካቶ ሲደርሱ ግማሹ ተመልካች ገበያ ገባ። ግማሹም ታክሲ ሲያገኝ ወደ ቤቱ።

“ለመሆኑ ስንት ቴአትር ሠርተሃል?” አልኩት አንድ ቀን።

“ብዙ ጀምሬአለሁ።”

“የጨረስከውስ?”

ወደ መስኮቱ ዞሮ የቲካ መንገድን ማታቱዎች፣ የናይሮቢን ሚኒባሶች፣ ያይ ጀመር። አንድ ሰው በሙያው ዕድሜውን ፈጅቶ አንዲት ሥራ እንኳ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሳያደርስ መኖሩ፣ እንደ ነጋዴ ሳስበው አንጀቴን በላው። ዕቃ ጭኖ ጭኖ አንዱም መኪና ሳይደርስለት እንደቀረ ሰው ነው።

ሴት ልጁ ካምፓላ የልብስ ሱቅ ከፍታ “አባዬ፣ ቴአትሩ ይብቃህና መጥተህ ሱቅ ጠብቅልኝ” እያለች በየሳምንቱ ትደውልለታለች። እሱም ቃል ገብቶላታል። ግን አንድ ነገር ቀርቶታል። “አንዷን ብቻ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል ልሥራና እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ካልሲም ብትል እሸጥላታለሁ” አለኝ።

እኔም ሞኝ ነኝና “እኔ አለሁልህ” አልኩት። በዚያችው ምሽት ፕሮዲዩሰር አደረገኝ። ቃሉ እንዴት እንደጣፈጠኝ አልደብቃችሁም። በማግስቱ ሱቅ ስገባ በርበሬው ራሱ በሌላ ዓይን ያየኝ መሰለኝ። ፕሮዲዩሰር ምን እንደሚሠራ የጠየቅሁት ከተሾምኩ በኋላ ነው።

“ሶፋ ያመጣል” አለኝ።

ቴአትሩ “እኩሌታ” ይባላል። አንድ ባልና ሚስት ይጣሉና ንብረታቸውን ሁሉ እኩል ይካፈላሉ። በመጀመሪያው ገቢር ይጣላሉ። በሁለተኛው ገቢር የሚከፈለውን ይከፍሉና ሶፋው ላይ ሲደርሱ፣ ባልየው መጋዝ አውጥቶ ለሁለት ይገምሰዋል። በሦስተኛው ገቢር ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። የመጨረሻዋን ንግግር ግን ለማንም አልገለጠም፤ ሚስት ሆና ለምትጫወተው ለትርሲት እንኳ። “ያን ዕለት ትሰሚያታለሽ። ‘ሄድክ እንግዲህ?’ በይኝ፣ ከዚያ በኋላ አዳምጪ” ነው ያላት።

ትርሲት ካሳራኒ ጸጉር ቤት ያላት፣ ልጅነቷን እዚሁ ያሳለፈች፣ አማርኛዋ ሲያልቅባት ስዋሂሊ የምትበደር ልጅ ናት። ስትናገር ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጣታል፤ ጋሽ አስናቀ የመረጣትም ጸጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ከደንበኛ ጋር ስትጣላ ሰምቷት ነው።

ሶፋው የእኔ ነው። ብርቱካናማ ከፋይ፣ እንግዳ ሲመጣ እንጂ የማልቀመጥበት። “ሌላ አሮጌ እንፈልግ” ብዬ ለምኜው ነበር። “አሮጌ ሶፋ ሲገመስ ማን ያዝናል?” አለኝ። ትክክል ነው፣ ማንም አያዝንም።

መድረክ አልፈለገም። ቴአትሩ የሚሠራው ሰው ምሳ በሚበላበት፣ ማንም ሳይነገረው ነው። “ተመልካቹ ተመልካች መሆኑን ማወቅ የለበትም” አለ።

“ታዲያ ትኬት ማን ይገዛል?”

“ነጋዴው አንተ ነህ” አለኝ።

ዌስትላንድስ ያለችው የእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ከበርበሬዬ ግማሹን የምትወስድ ነበረች። “ሶፋዬን ለአንድ እሑድ ጥግ ላይ ላስቀምጥ” ብዬ አስፈቀድኳት፤ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እሑድ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ጢም ብሎ ሲበላ ጋሽ አስናቀና ትርሲት ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጀመሩ። በለሆሳስ ጀመሩና እየጋሉ ሄዱ።

“እኩል! ሁሉንም እኩል!” ብላ ትርሲት ስትነሣ ምግብ ቤቱ ጸጥ አለ። ይኼ ሰውዬ ለካ ያውቃል፣ አልኩ በልቤ።

ጸጥታው አልቆየም። ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የመኪና ዕቃ ነጋዴ አሉ። በዚህ ከተማ ተጣልቶ ያላስታረቁት ሐበሻ ካለ አዲስ የገባ ብቻ ነው። የጠቀለሉትን ሳይጎርሱ ትሪው ላይ መልሰው ተነሡ።

“ተው እንጂ ወንድሜ። ተይ እንጂ ልጄ። ቁጭ በሉ።”

ሌሎች ሦስት ሰዎች ወንበር እየጎተቱ ከበቧቸው። ጋሽ አስናቀ ተዋናይ ከገጸ ባሕርይው አይወጣም የሚል እምነት ያለው ሰው ነው፤ ወይ ፍንክች! ባልየውን ሆኖ መለሰላቸው። ሽማግሌዎቹ ግን በዚህ ጨዋታ ከእሱ በላይ ኖረውበታል።

“በደሉን ተናገሪ ልጄ፣ አትፍሪ” አሏት ትርሲትን።

ለዚህ የተጻፈላት ነገር የለም። ጋሽ አስናቀን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ከራሷ አወጣች። “ጸጉሬን ተሠርቼ ስገባ ቀና ብሎ አያየኝም” አለች። ሴቶቹ ሁሉ “እውነቷን ነው!” ብለው በጋሽ አስናቀ ላይ ተነሡ። ባልየው ተወቀሰ፣ አጎነበሰ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ተባባሉ፣ ትከሻ ተሳሳሙ፣ እልል ተባለ። ምሳቸውንም ጋሽ ወርቁ ከፈሉ። የመጀመሪያው ገቢር ግማሽ ላይ አልደረሰም ነበር።

ማታቱ ውስጥ ጋሽ አስናቀ ያልተነካውን መጋዝ ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እኔ ሶፋዬን ጭኖ የሚከተለንን ፒክአፕ በመስኮት እያየሁ ነበር። አንድም ጭረት የለበትም። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ጣጣው ግን አላለቀም። ያገራችን ሽማግሌ አስታርቆ አይተውም፤ ይከታተላል። በሳምንቱ ጋሽ ወርቁ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ብርድ ልብስ ይዘው “እንዴት ናችሁ” ሊሉ ካሳራኒ ድረስ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ጋሽ አስናቀ ነው፣ ፒጃማ ለብሶ። ከኋላው እኔ። ትርሲት የለችም።

“ሚስትህስ?”

“ቤቷ ናት” አለ ጋሽ አስናቀ። እውነቱን ነው።

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ነህ ለካ! የሰው ባል ደብቀህ የምታሳድር!”

“ጋሽ ወርቁ፣ ቴአትር እኮ ነው” አልኳቸው።

“ፒጃማውም ቴአትር ነው?” ብለው ስኳሩን ይዘው ተመለሱ። ብርድ ልብሱን ግን ለጋሽ አስናቀ ትተውለት ሄዱ፤ ናይሮቢ በሐምሌ ትበርዳለች፣ አንጀታቸው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ስሜ ተበላሸ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሴቶች ባሎቻቸውን ክንዳቸውን ይዘው በሌላ በኩል ያሳልፏቸዋል። እትዬ ዘነበች ደወለችልኝ፦ “የሰው ትዳር ያፈረሰ ሰው በርበሬ እኔ ወጥ ውስጥ አይገባም!” ስልኩን ዘጋችብኝ። ትርሲትም ሱቄ ድረስ መጣች።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሃታሪ ነው፣ አደጋ! ሁሉም ሰው ‘ባልሽ እንዴት ነው’ ነው የሚለኝ። ሊያገባኝ የሚያስብ እንኳ ቢኖር ኢሜሻ! አለቀለት።”

“ትተይዋለሽ ታዲያ?”

አሰበች። “አልተውም። ሁለተኛው ገቢር ላይ የማለቅሳት ልቅሶ አለች፣ በጣም ቆንጆ ናት። እሷን ሳላለቅስ አልሞትም።”

ስለዚህ ሁሉን ነገር በግልጽ እናድርገው አልን። ከሱቄ በላይ ያለውን ባዶ ክፍል ተከራየሁ፤ በሩ ላይ “ቴአትር ነው” ብዬ በትልቁ አስጻፍኩ፤ ጋሽ ወርቁንም ራሴ ሄጄ ጠራኋቸው። ለሐሜቱም መድኃኒት ይሆናል ብዬ ነው። ሁለቱ ባልና ሚስት አለመሆናቸውን በመድኃኔዓለም ማልኩላቸው። “እሺ” ብለው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። በደንብ ቻሉ። ትርሲት ድምፅዋ እስኪሰበር ድረስ፣ ጋሽ አስናቀ ጠረጴዛውን እስኪመታ ድረስ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቻሉ። እንደገና ሲመታው ተነሡ።

“ባልና ሚስት አለመሆናችሁ ተነግሮኛል” አሉ። “ይሄ የባሰ ነው። ያልተጋባ ሰው በምን መብቱ ነው እንዲህ የሚጣላው?”

አስታረቋቸው። ሲወጡም ጋሽ አስናቀን ለብቻው ወስደው፣ “ዕድሜያችሁ ትንሽ ይራራቃል እንጂ ብትጋቡ አይከፋም፣ ስትጣሉ ትዋደዳላችሁ” አሉት።

ያን ቀን ሶፋውን ከእኔ ጋር ደረጃ ለደረጃ እያወረደ ጋሽ አስናቀ ድንገት ቆመ።

“አንተ ደስ ብሎሃል” አለኝ።

“ማን? እኔ?”

“ሶፋህ ስለተረፈ ደስ ብሎሃል።”

ነጋዴ ዓይን ውስጥ እያየ ይዋሻል፣ ልማዱ ነው። ያኔ ግን አቃተኝ፤ የሶፋውን እግር አየሁ። እሱም አልተቆጣም። “ልጄ ትናንት ደውላ ነበር። የወሩ መጨረሻ ቲኬት ቆርጣልኛለች” አለና ሶፋውን ከእኔ በላይ በጥንቃቄ አወረደው። ይህቺ ጥንቃቄ ናት የጨረሰችኝ።

በማግስቱ አባ ምሕረቱ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ዘነበችን ጨምሮ የግማሹ ከተማ የነፍስ አባት ናቸው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው።

“እና እኔ ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?” አሉ።

“ይገዝቱልኝ አባ። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ።”

“ለቴአትር ግዝት?”

“ለሽማግሌ ነው እንጂ አባ፣ ለቴአትሩስ አይደለም።”

መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። “እኔ ራሴ እገኛለሁ” አሉ በመጨረሻ። እትዬ ዘነበችንም አነጋገሯት። ምግብ ቤቷን ፈቀደች። በርበሬውን ግን አልመለሰችም።

እሑድ ደረሰ። አባ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ቆሙና፣ “ይህ ጨዋታ እስኪያልቅ ከተቀመጠበት የተነሣ፣ ነገር የገባ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን ገዝቼዋለሁ” አሉ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔም ተቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ገቢር አለቀ። እኔ ስናገር ቀላል ይመስላል፣ ግን የጋሽ አስናቀን ፊት ማየት ነበር። አንድ ሰው ለዓመታት ያላለፈበት በር ሲከፈትለት፣ ቶሎ ገብቶ እንዳይዘጋበት በጫፍ እግሩ እንደሚሄደው ነበር የሚሄደው። ጋሽ ወርቁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል። ትርሲት የናፈቀቻትን ልቅሶ አለቀሰች። ኩሽና ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ አብረዋት አለቀሱ፣ አንዷም አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ መጋዙ ወጣ።

ከፋይ ሲቀደድ ድምፅ አለው። እንጨቱ ሌላ ድምፅ አለው። ስፖንጁ ድምፅ የለውም፣ እሱ ነው የባሰው። ሁለት ጊዜ ልነሣ ቃጣኝ፤ አባ ግንባራቸውን ቋጥረው አዩኝ። አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው እጄን ጨበጠልኝና “አይዞህ፣ ዘመዶችህ ናቸው?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። ምን ልበለው?

ሦስተኛው ገቢር መጣ። ጋሽ አስናቀ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ትርሲት በቀስታ “ሄድክ እንግዲህ?” አለችው። ዞረ። ከንፈሩን ከፈተ።

“በቃ!” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አባ ምሕረቱ ቆመዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። “በቃ ልጆቼ፣ እንዲህ ሆኖ አይሄድም።”

“አባ!” ብለው ጋሽ ወርቁ ከወንበራቸው ሳይነሡ ጮኹ። “ግዝቱስ?”

“የገዘትሁት እናንተን ነው፤ እኔን ማን ገዘተኝ?” አሉ አባ። “ነገሩ አልቋል፣ ተነሡ!”

ግዝቱ ተፈታ ማለት ነው። ሠላሳ ሰው በአንዴ ተነሥቶ በጋሽ አስናቀ ላይ ወረደ። ሻንጣውን ነጠቁት፣ አቀፉት፣ ሳሙት፣ ከትርሲት ጎን አመጡት። እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። እሱ ሁሉም ካለፈ በኋላ የእሱ ድርሻ የሆነችው የሶፋ ግማሽ ላይ ቁጭ አለ፤ አንድ ወገን እግር ስለሌላት ወደ ጎን ተዘንብሎ።

“ጥቂት ቃል ነበር የቀረኝ” አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የጉዞው ቀን ደረሰ። ጠዋት የካምፓላው አውቶቡስ ጋ ሸኘነው፤ እኔ፣ ትርሲትና ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ የመጡት ለስንቅ የሚሆን ዳቦ ለማድረስ ነው ይበሉ እንጂ፣ ሚስቱ ልትሸኘው መምጣቷን ለማረጋገጥ ይመስለኛል፤ ያላገባት መሆኑ ዛሬም በደንብ አልገባቸውም። ረዳቱ “ትዌንዴ! ትዌንዴ!”፣ እንሂድ፣ እያለ የአውቶቡሱን ጎን ይደበድባል። ጋሽ አስናቀ ተሰናብቶን ሻንጣውን ይዞ ደረጃው ላይ ወጣ። ትርሲት በስዋሂሊዋ “ሳፋሪ ንጄማ”፣ መልካም ጉዞ፣ ልትል መስሎኝ ነበር። እጇን አጣምራ ቀና ብላ አየችው፦

“ሄድክ እንግዲህ?”

እኔ በዚያች ቃል ውስጥ ያለውን ወዲያው አወቅሁት። እሱም አወቀው። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። ጋሽ ወርቁ “ኧረ በናንተ፣ መንገደኛ ሰው ላይ…” ብለው አንድ እርምጃ ሲሄዱ ኮታቸውን ከኋላ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ይጎትታሉ፣ እኔም እጎትታለሁ። በርበሬ ተሸክሜ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ አልለቅም።

“ሁሉን እኩል ተካፈልን” አለ ጋሽ አስናቀ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ያ ሁሉ የጣቢያ ጫጫታ ግን አልበለጠውም። “ሳህኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ የተቀመጥንበትን። በሩ ላይ ስደርስ መጋዙ እንቢ አለኝ። በር ለሁለት ቢከፈል በር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፉን ለአንቺ ትቼልሻለሁ። ማንኳኳቱ የእኔ ድርሻ ይሁን።”

ትርሲት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ወርቁ መጎተት አቆሙ።

“እንዴ!” አሉኝ በሹክሹክታ። “ሊመለስ ነበር እንዴ? ራሱ ሊታረቅ?”

“እንደዚያ ይመስላል ጋሽ ወርቁ።”

“ታዲያ ምነው አስቀድሞ ቢነግረን?”

ጋሽ አስናቀ ሰምቷቸዋል። “ብነግርዎ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር?” አለና ሻንጣውን አስቀምጦ፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ወገቡን እስከ ጉልበቱ አጥፎ እጅ ነሣ። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አንሥተው አጨበጨቡ፤ ብቻቸውን፣ አጥብቀው፣ ረዳቱ እስኪቆጣ ድረስ። እኔ የኮታቸውን ጫፍ ገና ስላልለቀቅሁ ማጨብጨብ አልቻልኩም። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ፦ ገቢ የለም። ቴአትሩ አልቋል።